ከዜሮ እስከ አራት

ማክሰኞ ጧት፣ ከሌሊት ተራ ወጥተን፣
ላይፕዚግ ገና ሳይነጋባት፣ ምድር ቤቱ ክፍል ተቀምጠን፣
አንዳንድ ወረቀት አደሉን፤
«ስም አይጻፍበትም» አሉን።
ሃያ ሁለት ጥያቄ፣ በየጎኑ አምስት ሣጥን፤
ዜሮ «በጭራሽ» ማለት ነው፣ አራት «ዘወትር»፤
መሐሉን ትተውታል፣ እያንዳንዱ በራሱ ልክ እንዲያስር።

*ባለፈው ወር ምን ያህል ጊዜ እንቅልፍ አጡ?*
አላጣሁትም፤ የት እንዳለ አውቃለሁ፤
አሥራ አንድ ቁጥር ትራም ላይ፣ መስኮቱ ሥር ትቼዋለሁ።
ባለፈው ሐሙስ ፌርማታዬን አልፌ፣ እስከ መጨረሻው ተወስጄ፣
ሾፌሩ ሊቀሰቅሰኝ ቢመጣ፣ አንጓውን ያዝኩት በእጄ፤
«ግፊትዎ ደህና ነው» አልኩት፣ በአማርኛ፤
«ሂጂ ተኚ» አለኝ ስቆ፣ በጀርመንኛ።

*ልብዎ ያለ ምክንያት ይመታል?*
ልብ ያለ ምክንያት መች ይመታል?
ምክንያቱ ሲጠፋማ ያኔ ይቆማል።
ዐርብ ፈተና አለብን፤ ርእሱ የልብ ድካም።
እግር ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣
ደረጃ አጋማሽ ላይ ቆሞ መቅረት፤
ምልክቱን በቃሌ ወጣሁት፣ አንድም አልቀረኝም፤
የማን ልብ እንደሆነ ግን መጽሐፉ አልነገረኝም።

*ከባልደረቦችዎ ጋር ይግባባሉ?*
ወይንሐረግ ረዝሞባቸው «ቫይን» ብለው ይጠሩኛል፤
በነሱም ቋንቋ ወይን ነው፤ ግማሽ ስሜ ተርፎልኛል።
ግን አንዲት ፊደል ሲጨምሩበት «አልቅሺ» ማለት ይሆናል።
ያቺን ፊደል የምጨምራት እኔው ነኝ፣ ዕቃ ክፍል ገብቼ፣
ጓንት የምፈልግ መስዬ፣ በሩን በጀርባዬ ዘግቼ።

ከጎኔ ዳኑታ ሁሉንም «ሁለት» ላይ ታከብባለች፤
«ሁለት ማንንም አያስደነግጥም» ትላለች።
ፈተና በመጣ ቁጥር መታጠቢያ ቤት ስታስመልስ
ፀጉሯን የምይዝላት ማን ሆነና!
ኮርኔል ባዶውን መለሰው።
የአግኔታ ወንበር ከየካቲት ጀምሮ ሰው የለውም።
አልሞተችም፤ ዳቦ ቤት ገብታለች፤
በጧት ሳልፍ በመስታወቱ እጇን ታውለበልባለች፣
ዱቄት የነካው፣ እንቅልፍ የጠገበ ፊት ይዛ።
እቀናባታለሁ። ይህን የሚጠይቅ ቁጥር የለም።

*የሚሰማዎትን የሚያካፍሉት ሰው አለ?*
እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ የሰባት ቁጥር መብራት በራ፤
ፍራው ሊብሸር ናቸው፣ በዘመናቸው አዋላጅ የነበሩ፣
ስንት ሕፃን እንደተቀበሉ ሲጠየቁ «የጮኹትን ብቻ» እያሉ የሚቆጥሩ።
አንጓቸውን ይዤ፣ ሰዓቴን እያየሁ ስቆጥር፣
እጃቸው ተገልብጦ የኔን ያዘ፤
ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ሳይናገር።
እኔ ሰባ ሁለት ጻፍኩ።
«ያንቺ መቶ ስምንት» አሉኝ።
«ከሁለታችን መተኛት ያለበት ማነው?» ብለው ጠየቁኝ፤
ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው፣ ጥግ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።
አልተኛሁም፤ ደንብ አለ።
ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሦስት ደቂቃ፤
ከታች መንገድ ጠራጊው መኪና እያጓራ ሲያልፍ፣ እጄ በእጃቸው ሞቃ።

ጧት መዝገቡን ስሞላ፣ ያን የምጽፍበት ዓምድ አጣሁ፤
«በሽተኛዋ ተማሪዋን አስታመሙ» የሚል የለም፤
ሽንት፣ ሙቀት፣ ግፊት ጽፌ ወጣሁ።

አሁንም «ሰዓቱ አልቋል» አሉ።
ሣጥኖቹን አለፍኩና፣ ኅዳጉ ላይ፣ ባዶው ዘንድ፣
«መቶ ስምንት» ብዬ ጻፍኩ።
ስም አይጻፍ ብለዋል፤ ይህ ስም አይደለም።
ዳኑታ አጮልቃ አይታ «ትልቁ ቁጥር አራት ነው» አለችኝ።
«አውቃለሁ» አልኳት።
ወረቀቷን ገለበጠች። ትንሽ ቆየች።
ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አንጓዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ።